የአንጎላችን ዘጠኝ እጅ ሥራ ፈት አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ «ሰው የሚጠቀመው የአንጎሉን 10 በመቶ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ዐርፈን ስንቀመጥ ከምናወጣው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ሥራ ለፈታ አካል ይህን ያህል ቀለብ አይሰፈርለትም።

ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የጉዳት ታሪክ ነው። በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሐኪሙ ፖል ብሮካ፣ የሚነገረውን እየተረዳ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር መናገር ይሳነው የነበረ ሕመምተኛ ገጠመው። ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ፤ ጉዳቱ የተገኘው በግራ በኩል ከግንባር ኋላ ባለው ክፍል ነበር። እናቴም ስትሮክ ካገኛት ወዲህ እንዲሁ ሆናለች። የምንላትን ትረዳለች፣ ቃሉ ግን አይመጣላትም። ጎረቤት «አእምሮዋን ሳተች» ሲል አንጀቴ ይቃጠላል። የተጎዳባት አንድ ስፍራ ነው፤ ያ ስፍራ ግን ቋንቋዋን የያዘ ነበር።

ዛሬ ተመራማሪዎች የሰው ሞት አይጠብቁም። ልዩ የኤምአርአይ ምርመራ የደም ፍሰቱን ተከትሎ፣ ሰው ሲያነብ ወይም ሲያስብ የትኛው የአንጎል ክፍል ይበልጥ እንደሚሠራ ያሳያል። በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ አንጎል ሥራውን አያቆምም።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም እርማት አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ