ከሳዑዲ መውጫው ወረቀት የማን ሥራ ነው?

ለኢፌዴሪ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ዜጎች ለቀው ሲወጡ ስለሚገጥማቸው የወረቀት ጣጣ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ዓረብኛ አነባለሁ። በዚህ የተነሳ የሰፈራችን አበሻ ወረቀት በእጁ በገባ ቁጥር ይዞልኝ ይመጣ ነበር። የኮንትራት፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ የፖሊስ፣ የሆስፒታል፣ ምን የማይመጣ አለ? አገሬ ገብቼም አልቀረልኝም። ዛሬም በኢሞ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። «ወንድሜ፣ ይሄ ምን ይላል?» ከሚላክልኝ ውስጥ አብዛኛው የመውጫ ወረቀት ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ወደዚያ ስንሄድ መንግሥት አለ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ፤ እሱን ያሻሻለው 1246/2013 አለ። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ይጠየቃል፣ የጤና ምርመራ ይደረጋል፣ ስልጠና ይሰጣል፣ ውል ይጸድቃል። እሺ፣ ጥሩ። ከስድስት፣ ከስምንት፣ ከአስር ዓመት በኋላ «በቃኝ፣ አገሬ ልግባ» ስንል ግን ያ ሁሉ አጃቢ የለም። ሠራተኛው «ከፊል» ከሚባለው አሠሪው ጋር ብቻውን ይጋፈጣል። ጥያቄዬን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ የመግቢያውን ወረቀት የመንግሥት ጉዳይ ካደረጋችሁት፣ የመውጫውንም አድርጉት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩን ልንገረው። ሳዑዲ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ቲኬት ቆርጦ ብቻ አይሳፈርም። ጠቅልሎ ለመውጣት «ኹሩጅ ኒሃኢ» የሚባለው የመጨረሻ መውጫ ያስፈልገዋል። ለቤት ሠራተኛ ይሄን የሚያወጣላት አሠሪዋ ነው፤ አብሸር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ፣ በራሱ ስልክ፣ በራሱ የይለፍ ቃል። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅበት ሥራ ነው። ካልፈለገ ደግሞ ዓመት ሙሉ «ቡክራ (ነገ)፣ ኢንሻላህ» እያለ ያቆያታል።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሳዑዲ አሠራሯን አሻሽላለች። በሠራተኛ ሕጉ ሥር ያለ የግል ድርጅት ተቀጣሪ የመውጫ ፈቃዱን ያለ አሠሪው ይሁንታ መጠየቅ እንዲችል ተደረገ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ አልክድም። ግን የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሾፌር፣ አትክልተኛ፣ እረኛና የእርሻ ሠራተኛ ከዚህ ውጭ ሆኑ። የእኛ ልጆች በብዛት የት እንደሚሠሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለውጡ በራቸው ድረስ መጥቶ ሳይገባ ተመለሰ።

«የሌላ አገር ሕግ ነው፣ ምን እናድርግ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጎረቤቷን ኳታርን እንይ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአብዛኛው ሠራተኛ የመውጫ ፈቃድን አስቀረች። የቤት ሠራተኞች ያኔም ተዘለው ነበር። በጥር 2012 ለእነሱም ቀረላቸው፤ አሁን የሚጠበቅባቸው ከመውጣታቸው 72 ሰዓት አስቀድመው ለአሠሪው ማሳወቅ ነው። ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይደለም። ይሄ በራሱ አልመጣም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ገባበት፣ ሠራተኛ ላኪ አገሮች ጮኹ፣ ጋዜጣ ጻፈ። እኛም ከሳዑዲ ጋር የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት አለን። በተነጋገራችሁ ቁጥር የደመወዙ ነገር ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። አብሮት የመውጫው ነገር ይነሳ። 72 ሰዓቷን ለእኛም ልጆች ጠይቁልን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንዲት ልጅ ስምንት ዓመት አንድ ቤት ሠርታ «ማዳም ኹሩጅ አወጣችልኝ» ብላ የደስ ደስ ላከችልኝ። ፎቶውን ከፈትኩት። ወረቀቱ የመጨረሻ መውጫ አልነበረም። ወጥቶ መመለሻ ነው፤ «ኹሩጅ ወዐውዳ» ይላል። ሁለቱም ባለ አንድ ገጽ ናቸው፣ ሁለቱም በዓረብኛ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ስምና የኢቃማ ቁጥር አለ። ፊደሉን ለማያነብ ሰው ልዩነቱ አይታይም። መዘዙ ግን ሰማይና ምድር ነው። በመመለሻ ወጥቶ በቀኑ ያልተመለሰ ሰው «ወጥቶ ያልተመለሰ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ለዓመታት የሦስት ዓመት እገዳ ሲያስከትል ኖሯል፤ ወደ ቀድሞው አሠሪ ካልሆነ በቀር መመለስ አይቻልም ነበር። ማዳም ለምን እንዲህ እንዳደረገች አላውቅም። የአገልግሎት ገንዘብ ላለመክፈል ይሁን በስህተት፣ ብቻ ልጅቷ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር።

ደግሞ የገንዘቡን ነገር ተመልከቱ። መመለሻው 200 ሪያል ይከፈልበታል። የመጨረሻው መውጫ ነጻ ነው። በነጻ የሚገኘውን ወረቀት «አወጣልሻለሁ» እያለ ከልጆቻችን ብር የሚቀበል ደላላ ግን ሞልቷል። አንድ ሰው «ይሄ ነጻ ነው» ብሎ ቀድሞ ቢነግራቸው ኖሮ ደላላው በምን ይበላ ነበር?

ቀኑም ሌላ ጣጣ ነው። የመጨረሻው መውጫ ከወጣ በኋላ 60 ቀን ያገለግላል። በዚያ ውስጥ ያልወጣና ያላሰረዘ 1,000 ሪያል ይቀጣል። ወረቀቱ ላይ የሚገኘው ቀን ብዙ ጊዜ በሂጅራ ነው። ቲኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጅቷ ልቧ ውስጥ የያዘችው ቀን ደግሞ በእኛው ነው፤ «ለመስቀል እደርሳለሁ» ነው የምትለው። ሦስት የቀን አቆጣጠር አስታርቃ መሳፈር አለባት። እዚህ ላይ ስንቱ ሰው እንደተሰናከለ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ቀጥሎ ግን ታዝናላችሁ።

ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይብሳል። በሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 84 መሠረት የድርጅት ሠራተኛ ውሉ ሲያበቃ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰብለታል። አስር ዓመት የሠራ ሰው የሰባት ወር ተኩል ደመወዝ አለው ማለት ነው። ደመወዙ 2,000 ሪያል ከሆነ 15,000 ሪያል። ለቤት ሠራተኛ በወጣው ደንብ ደግሞ አራት ተከታታይ ዓመት ያገለገለች የአንድ ወር ደመወዝ ይገባታል። ትንሽ ናት፤ ቢሆንም የእሷ ናት። አንቀጽ 88 ክፍያው መቼ መጠናቀቅ እንዳለበትም ይናገራል፦ አሠሪው ካሰናበተ በአንድ ሳምንት፣ ሠራተኛው ራሱ ከለቀቀ በሁለት ሳምንት።

ሕጉ ይሄ ነው። የሚሆነው ሌላ ነው። መጀመሪያ «ሙኻለሳ» የሚሉት ወረቀት ይመጣል። «መብቴን በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ይላል። ከታች የጣት አሻራ ቦታ አለ። «እዚህ ጋ በስማ አድርግ፣ ከዚያ ኹሩጅህን አወጣልሃለሁ» ይባላል። ሰውየው አገሩ ናፍቆታል፣ እናቱ ታማለች፣ ቲኬት ተቆርጧል። ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በእጁ ያለው የመጨረሻ ወር ደመወዙ ብቻ ነው፤ እሱም ከተከፈለው።

አገር ቤት ገብቶ ቢነቃስ? በሕጉ የሥራ ክስ ሥራው ከተቋረጠ በኋላ ለ12 ወር ይከፈታል። ግን ከዚህ ሆኖ ማን ይክሰስለት? ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና መስጠት፣ በውጭ ጉዳይ ማረጋገጥ፣ ከዚያ የሳዑዲ ኤምባሲ፣ ከዚያ ትርጉም፣ ከዚያ ጅዳ ላይ የሚወክለው ሰው ማግኘት። ወለጋ ወይም ወሎ ገጠር ያለ ሰው ይህን ሁሉ እስኪጨርስ 12 ወሩ ያልቃል። ውክልናው መሰጠት ያለበት እዚያው፣ ከመውጣቱ በፊት፣ ቆንስላው ውስጥ ነው። አንድ ቅጽ፣ አንድ ማኅተም። ቆንስላው በጋራ የሚያሠራው አንድ የአገሩ ጠበቃ ቢኖር ስንት ሺህ ሪያል በተመለሰ! ወጪው አሳስቧችሁ ከሆነ፣ ይሄ ገንዘብ በባንክ የሚገባ የውጭ ምንዛሬ መሆኑን ላስታውሳችሁ። የሐዋላ ነገር ሲሆን ጆሯችሁ እንደሚቆም እናውቃለን፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሁሩብን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ለዓመታት አሠሪው «ጠፍታብኛለች» ብሎ ሲያመለክት ልጅቷ በአንድ ጊዜ ሕገ ወጥ ትሆን ነበር። ደመወዝ ስለጠየቀች ብቻ ሁሩብ የተደረገች አውቃለሁ፤ በተመዘገበችበት ቀን ማዳሟ ቤት ሩዝ ትቀቅል ነበር። ከዚያ በኋላ በመደበኛው መንገድ መውጣት አልነበረም። የነበረው በእስር ቤት በኩል መውጣት ወይም ምሕረት መጠበቅ ነው። በ2009 ዓ.ም. የታወጀው የ90 ቀን ምሕረት ጊዜ ወረፋው ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት በ2006 በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ያኔ በሊሴ ፓሴ (በጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) የገባው ሰው ብዛት ልክ አልነበረውም፤ ዓመታት የለፋበትን ንብረት እዚያው ትቶ በፌስታል የመጣ ነበር። እነዚህን ሰዎች «ተመላሾች» እያልን እንቀበላቸዋለን። ብዙዎቹ ግን ቀደም ብሎ ወረቀታቸው ቢስተካከል ኖሮ በራሳቸው ቲኬት፣ በራሳቸው ሻንጣ የሚመጡ ነበሩ።

ቤተሰብ ይዘው የኖሩትም የራሳቸው ቀንበር አለባቸው። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጀመረ፤ በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2012 በወር 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው በዓመት 19,200 ሪያል ማለት ነው። እጅ አጥሮት ያላደሰ ሰው እዳው ይከመርበታል፣ የኢቃማ ቅጣት ይጨመርበታል፣ ኢቃማው ሲያልቅ ባንኩ ሂሳቡን ያግደዋል። ከስሙ ያልተዛወረ አሮጌ መኪና ወይም ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለማ መውጫው ጭራሽ አይታተምም። ይሄን ሁሉ ሰው የሚሰማው ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ነው።

ሕፃናቱ ግን ከሁሉም ያሳስቡኛል። ወላጆቹ የጋብቻ ወረቀትና ኢቃማ የሌላቸው ልጅ እዚያ የልደት ምስክር ወረቀት አያገኝም። ይራመዳል፣ ያወራል፣ ዓረብኛና አማርኛ ቀላቅሎ ይሳደባል፤ ለኮምፒውተሩ ግን አልተወለደም። ያልገባ ሰው ደግሞ አይወጣም። እናትየው የራሷ ነገር ቢስተካከል እንኳ ልጇን ይዛ ለመሳፈር ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ትንከራተታለች። እዚህ ላይ የሳዑዲን ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የኢትዮጵያዊት ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ጋብቻን ማረጋገጥ፣ ልደትን መመዝገብ፣ ለልጁ የጉዞ ሰነድ መስጠት በእናንተ እጅ ያለ ሥራ ነው። ልጁ እንደተወለደ ይሠራ፤ እናቱ ለመውጣት ስትዘጋጅ አይደለም።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 ሁለት ነገር ይላል። በአገራችን በሕጋዊ መንገድ ያለ የውጭ ዜጋ ሳይቀር በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት አለው፤ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው። ለፈረንጁ እዚህ ያወቅንለትን መብት ለእኛ ልጅ እዚያ ብንጠይቅላት ነውር የለበትም። የመመለስ መብቷም ቢሆን መውጫ ከሌላት ምን ይሠራላታል?

ስለዚህ የምለምናችሁ እንዲህ ነው። ከመሄዷ በፊት በሚሰጣት ስልጠና ላይ፣ ከብረት ምጣድና ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ትምህርት ጎን፣ የመውጫው ሁለት ወረቀቶች ናሙና ይታዩ። እጇ ትያዛቸው፣ ትለያቸው። በሚጸድቀው ውል ላይ አሠሪው ውሉ ሲያበቃ የመጨረሻ መውጫ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያወጣ፣ ካላወጣ ኤጀንሲው ምን እንደሚጠየቅ በግልጽ ይጻፍ። ሪያድና ጅዳ ላይ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ሰው ወረቀቱን የሚያስነብብበት አንድ መስኮት ይኑር፤ ሙኻለሳ ከመታተሙ በፊት የሚታይበት፣ ውክልና የሚሰጥበት። ለሩቅ ከተሞች ደግሞ ፎቶ የሚላክበት የዋትሳፕ ቁጥር ይበቃል። እኔ በአንድ ስልክ ለስንቱ አነበብኩ፤ ለመሥሪያ ቤት ይሄ ከባድ አይደለም።

መልስ ከሰጣችሁ ለእኔ በግል አትላኩልኝ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጽፋችሁ በቆንስላው በርና በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ለጥፉት። ድምፅም ቅዱበት፤ ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ከሳዑዲ ተመላሽ