እቅፍ ይልመድ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ማሙሽስ? ለጥምቀት መጥታችሁ ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። እሱን ያዘልኩበት ነጠላ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው፣ ላጥበው እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ስንነጋገር ሁልጊዜ ስለምትቸኩዪ ይሄን መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። እዚህ ሳላችሁ ገንፎ ስታበዪው ስልክሽን ፊቱ ትከፍቺለት ነበር። አልፈርድብሽም፣ ደክሞሻል። ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አርፈሽ ሥራ ገባሽ፣ ማታ ስትመለሺ ደግሞ ቶሎ በልቶ እንዲተኛልሽ ትፈልጊያለሽ። ግን ያየሁትን ልንገርሽ። ስልኩ ሲከፈት የልጁ ድምፅ ይጠፋል። ስትዘጊው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቆይቶ ግን አፉ ገንፎ እንደሞላ «ባ ባ ባ» ይልና ዞር ብሎ ፊቴን ያያል። መልስ እየጠበቀ እኮ ነው! «ባ ባ! ጣፈጠህ የኔ ጌታ?» ስለው እግሩን ያወራጫል፣ እንደገና ይናገራል። አንዴ እሱ፣ አንዴ እኔ። ልጅ አፍ የሚፈታው በዚህ ነው። ካርቱኑ ቀኑን ሙሉ ቢያወራ የሱን «ባ ባ» አይሰማለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም። ከዚያ እስከ 4 ዓመቱም በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል።

27 ዓመት አፀደ ሕፃናት አስተምሬያለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራቸው ያደጉትን በመጀመሪያው ሳምንት እለያቸው ነበር። የገንዘብ ነገር እንዳይመስልሽ። እናቷ ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ «ይሄ በስሏል፣ ይሄ ጥሬ ነው፣ እስቲ ስንት ቀረን?» እየተባለች ያደገች። ክፍል ስትገባ የማትጠይቀው ነገር አልነበረም። ጥሩ ልብስ ለብሰው፣ ምሳቸው ተቋጥሮላቸው እየመጡ አንድ ቃል ለማውጣት ወራት የሚፈጅባቸው ልጆችም ነበሩ።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል። እኔ አልቀበለውም። የልጅ አእምሮ ገና በ3 ዓመቱ የአዋቂን መጠን 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። አስተማሪ እጅ ሳይገባ ማለት ነው፣ እናንተው ጭን ላይ።

ጎረቤትሽ «እቅፍ ይለምድብሻል፣ ሲያለቅስ ተይው» አለችኝ ብለሽኝ ነበር። ለኔም ታላቅ ወንድምሽን ስወልድ እንዲሁ ብለውኛል። ሰማኋቸው። እሱ መኝታ ቤት ሲያለቅስ እኔ ጓዳ ቆሜ አለቅስ ነበር። በኋላ ዝም ሲል ለመደ ብለው አመሰገኑኝ፣ እኔ ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። የ2 ወር ልጅ ራሱን ማባበል ከየት ይማራል? ሰው ሲያቅፈው ነው ሰውነቱ የሚረጋጋው። ስጮህ የሚመጣልኝ አለ ብሎ ያመነ ልጅ በኋላ ዳዴ ሲል ራቅ ብሎ ለመሄድ አይፈራም፣ ዞር ብሎ እያየሽ ይሄዳል። አንቺን ስወልድ ማንንም አልሰማሁም። እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አቅፌሽ ስገባ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ቀና ብለሽ ታዪያቸው ነበር፣ እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች አንድ በአንድ። ሕፃን የሰው ፊት ሲያይ አይጠግብም። ስለዚህ ይልመድ፣ እቅፍ ይልመድ!

ሞግዚቷን በተመለከተ፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ እንዳትለቅብሽ። ከቻልሽ ደመወዟን ጨምሪላት፣ ምክንያቱም ልጁ ፊቷን ለምዶ ድምፅዋን ካወቀ በኋላ በየ3 ወሩ ሌላ ሰው ቢመጣበት ሁሌ እንደ አዲስ መጀመር ነው የሚሆንበት። ሽንኩርት ስትከትፍም ሆነ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ አድርጋ የምትሠራውን ትንገረው። አይገባውም ብላ እንዳትተው፣ ንገሪያት። ባልሽም ማታ ገላውን ይጠበው፣ ያጫውተው። «ወፌ ቆመች» የሚባልበት ጊዜ ደርሷል፣ እሱም እንዳያመልጠው።

በርበሬና ሽሮ በሰው ልኬልሻለሁ።

እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝና አንቺ ዝም በይ። እኔ «ባ ባ» እለዋለሁ፣ ከዚያ እስኪመልስልኝ እጠብቃለሁ።

እናትሽ፣ ከጎንደር