ከዋንጫው በፊት ያለው የጋጣ ሥራ

ለአዘጋጁ፤

ስለ አውስትራሊያዊው የፈረስ አሰልጣኝ ባርት ካሚንግስ ያወጣችሁት ጽሑፍ በአሰልጣኝነት ያሸነፋቸውን 12 የሜልቦርን ዋንጫዎች፣ ማለትም የአውስትራሊያን ታዋቂ የፈረስ እሽቅድምድም ድሎች፣ ቆጥሮ አበቃ። የሙያው ዋና ነገር ግን ጋጣ ውስጥ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1950 አባቱ ያሰለጠኑት ኮሚክ ኮርት የተባለ ፈረስ ይህን ዋንጫ ሲያሸንፍ ካሚንግስ የፈረሱ ተንከባካቢ ነበር። የራሱን የመጀመሪያ ዋንጫ ያነሳው በ1965 ነው። ያውም ሐኪም «ፈረስና ድርቆሽ አይስማሙህም» ብሎት!

ጎበዝ አሰልጣኝ ንጋት ላይ የፈረሱን እግር በመዳፉ ይዳብሳል። ጅማቱ አካባቢ ሙቀት ከተሰማው የዚያን ቀን ግልቢያ የለም። ግርግም ውስጥ የተረፈ መኖም ብዙ ይነግረዋል። ይህ ዕውቀት በአንድ ጀንበር አይገኝም፤ ከተንከባካቢነት ይጀምራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የሜልቦርን ዋንጫ ዘገባችሁ ከአሰልጣኙና ከጋላቢው ስም ጎን የአሸናፊውን ፈረስ ተንከባካቢ ስም አትሙልን። ቢቻል ደግሞ አነጋግሩት።