እማዬ፣ ስለ ጉበቴ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሳሉም ቀለል ብሎልኛል።

የጉበቴን ነገር በስልክ ማስረዳት ስለከበደኝ ነው የምጽፍልሽ። የኔ የዘር በሽታ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ሳንባ ብቻ እንደማይነካ ታውቂያለሽ። በሐሞት ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እየወፈረ ጉበትንም ይጎዳል። ስለዚህ የጉበት ምርመራዬ ሲበላሽ «ያው የድሮው በሽታ ነው» ማለት ይቀላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሐኪሜ ግን አልተዋጠላትም። አንድ የዘር በሽታ ያለበት ሰው ሌላ አይኖርበትም ያለው ማን ነው?

የምትጠረጥራቸው ሦስት ናቸው። በዊልሰን በሽታ መዳብ፣ በሄሞክሮማቶሲስ ደግሞ ብረት ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ሦስተኛው የአልፋ-1 አንቲትሪፕሲን እጥረት ነው። ጉበት የሚሠራው ይህ ፕሮቲን ቅርፁ ተበላሽቶ እዚያው ይቀራል። «ዜድ» የሚባለውን የዚህን ጂን ዓይነት ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ እንኳ፣ እንደኔ ባለው ሰው ላይ ለከባድ የጉበት ጉዳት ያጋልጣል። በ2009 የወጣ ትልቅ ጥናት ነው ያሳየው።

ችግሩ ምርመራው ያታልላል። ኢንፌክሽን ሲኖር አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን በደም ውስጥ ይጨምራል። የኔ ደረት ደግሞ መቼ ነው ከኢንፌክሽን ነፃ የሚሆነው? እጥረቱ እያለ ወረቀቱ «ደህና» ሊል ይችላል። ለዊልሰን የሚለካው ሴሩሎፕላዝሚን የተባለው የደም ፕሮቲንም እንደዚያው ነው። ለብረት የሚለካው ፌሪቲን በተቃራኒው ብረት ሳይበዛ ከፍ ብሎ በከንቱ ያስደነግጣል። ለዚህ ነው ጂኑ ራሱ ይታይ ያለችው።

ለመዳቡ የ24 ሰዓት ሽንት በፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅሜያለሁ። የት እንዳስቀመጥኩት አትጠይቂኝ! የዓይን ሐኪሙም በደማቅ መብራት የዓይኔን ጥቁር ክፍል ጠርዝ አይቶ በዊልሰን በሽታ የሚታየውን የመዳብ ቀለበት አላገኘም። ሌላው ውጤት ገና ነው። ልፋቱ አይቆጭም፤ መዳብን የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፣ የበዛ ብረትም ደም በመቅዳት ይቀንሳል።

አሁን ያንቺ ተራ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሞተው የአባዬ ወንድም ስንት ዓመቱ ነበር? «መጠጥ ነው የገደለው» ሲባል ነው የሰማሁት። እውነት ይጠጣ ነበር? እጁስ ይንቀጠቀጥ ነበር? የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ። ከኔ አንድ ነገር ከተገኘ እህቴም መመርመር አለባት። እኔን ስለማትሰማኝ አንቺው ንገሪያት።

ልጅሽ