ስለ ሴቶች ኮሌጅ ለጻፉት አባት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ልጃቸው አሜሪካ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ማመልከት ትፈልጋለች። እሳቸው ግን ነገሩ ገዳም መግባት መስሎ ታይቷቸዋል። «ደግሞስ ሊበራል አርትስ (አንድ ዋና ትምህርት ከሌሎች የእውቀት ዘርፎች ጋር አጣምሮ የሚያስተምር ሥርዓት) ተምራ ምን ሥራ ታገኛለች?» ብለውም ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ኬሚስትሪ የተማርኩት ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ማውንት ሆልዮክ በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ነው። ዛሬ ሥራዬ የጣናን ውሃ ጥራት መመርመር ነው። ስለዚህ ለእኚህ አባት የምለው አለኝ።

መጀመሪያ እዚሁ አገሬ የነበረውን ልንገራቸው። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። መምህሮቼም ደጋግ ነበሩ። ቤተ ሙከራ ስንገባ ግን ዕቃው ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነው። በቡድን እንመደባለን። ቢሬቱን፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበትን የመስታወት ቱቦ፣ የሚይዘውና አሲዱን የሚያፈሰው ወንድ ነው። እኔን «ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ መዝግቢ» ይሉኛል። የክፍል አለቃው ወንድ፣ ምክትሏ ሴት። የሳይንስ ክበቡ ሰብሳቢ ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሴት። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አልነበረም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የምጽፈው። ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ታይትሬሽንን (በቢሬት ጠብታ እየለኩ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የአሲድ መጠን የማወቂያ ሙከራ) በቃሌ እወጣው ነበር እንጂ አንድ ቀን በእጄ አልሠራሁትም።

ኮሌጅ ስገባ «መዝግቢ» የሚለኝ ጠፋ። ቢሬቱን የምትይዘው ሴት ናት። ሰብራ አዲስ የምታመጣውም ሴት ናት። የተማሪዎች ማኅበር መሪዋ፣ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ የቴአትሩን መብራት ለማስተካከል መሰላል ላይ የምትወጣው፣ ሁሉም ተማሪ ሴት። ሥራው ሰው ይፈልጋል፤ ያለነው እኛ ነን። ብዙ ወላጆች ሴት ልጅ እዚያ ትጠበቃለች፣ ትከለላለች ብለው ያስባሉ። እኔ ያየሁት ኃላፊነት ሲጫንባት ነው። «ዓይን አፋር ነኝ» ብላ የምትሸሸግበት ጥግ የለም። በሁለተኛው ዓመት የአዲስ ገቢዎች የቤተ ሙከራ ረዳት አድርገው መደቡኝ። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣ አለ። ቆይቶ ግን ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ይሰሙኝ ጀመር። ለእኔ የዚያ ኮሌጅ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይሄን አልረሳም።

ፈተናውም ሌላ ነው። የማጠቃለያ ፈተና ሲደርስ ተማሪዋ ቀኑንና ሰዓቱን ራሷ ትመርጣለች። ፈታኝ አይቆምባትም፤ በክብር ቃሏ ትፈተናለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያመነኝ ትምህርት ቤት አላጋጠመኝም።

ወደ ገዳሙ ነገር ልመለስ። ኮሌጁ አጠገቡ ካሉት ከአምኸርስት ኮሌጅና ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በኅብረት ስለሚሠራ በአውቶቡስ እየሄድን እዚያ ከወንዶች ጋር እንማር ነበር። አምኸርስት በወሰድኩት ኮርስ መምህሩ ሲጠይቅ እጄን ቀድሜ ሳወጣ ራሴን አገኘሁት። «ሴት ብቻ ካለበት ወጥታ ከወንድ ጋር መሥራት እንዴት ትችላለች?» ለሚሉ መልሴ ይሄው ነው። ደግሞ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ገዳም የሚያስፈራ ስም ሊሆን አይገባም። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ ማኅበራትን መሥርታ አስተዳድራለች። የአፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ አልቀበልም ብላ ተግዛለች። ስሟ ዛሬም ሐይቁ ዳር ባለችው ቆራጣ ይጠራል። አዲስ አበባም ከጣሊያን ወረራ በፊት የተከፈተ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ታዲያ ነገሩ ለእኛ ምኑ ነው እንግዳ?

አሁን ስለ ሥራው። በሊበራል አርትስ ተማሪዋ አንድ ዋና ትምህርት ትይዛለች፤ ከዚያ ጎን ታሪክም፣ ቋንቋም፣ ፍልስፍናም ትማራለች። ለምሳሌ አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1902 እኔ ከተማርኩበት ከማውንት ሆልዮክ ተመርቃለች። የሳይንስ ተማሪ ሆና ሳለ የኢኮኖሚ ታሪክ ኮርስ ወሰደች። መምህርቷ ተማሪዎቹን አቅራቢያው ወዳሉት ፋብሪካዎች ሄደው ሠራተኛው እንዴት እንደሚውል እንዲያዩ ላከቻቸው። ያቺ ተማሪ በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች። በዚያ አገር ካቢኔ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1935 የወጣው የጡረታና የሥራ አጥነት ዋስትና ሕግ ሲረቀቅ ከፊት ከነበሩት አንዷም እሷ ነበረች።

የእኔን ሥራ ልጨምር። እምቦጭን የሚመግበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከማዳበሪያና ከታጠበ አፈር ወደ ሐይቁ ይገባል። መጠኑን ኬሚስትሪ ይነግረኛል። ገበሬው ተዳፋቱን ለምን እንደሚያርስ፣ አሳ አጥማጁ መረቡን ለምን ወደ ሌላ ቦታ እንዳዛወረ ግን ቁጭ ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ይህን መጠየቅ የተማርኩት በአንትሮፖሎጂ ክፍል ነው። አሁን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና ጂኦግራፊን የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶች ይወስዳሉ። ጥሩ ጅምር ነው። አንድ ዓመት ግን አጭር ነው።

ብሩ ከባድ ነው፤ አልደብቅም። የኮሌጁ መሥራች ሜሪ ላይን ራሷ ከድሃ ገበሬ ቤት የወጣች የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። እንደ ዕድር መዋጮ ከየቤቱ፣ ከተራ ሴቶች ሳይቀር ገንዘብ ለቅማ ነው እ.ኤ.አ. በ1837 ትምህርት ቤቱን የከፈተችው። ክፍያው በዓመት 60 ዶላር ነበር። ተማሪዎቹ ምግቡንም ጽዳቱንም ራሳቸው ስለሚሠሩ ነው እዚያ ድረስ የወረደው። ዛሬ ዋጋው ሌላ ነው። ያለ እርዳታ የእኔም ቤተሰብ የእርስዎም አይችለውም። ግን የቤተሰብን ገቢ አይቶ የሚሰጥ እርዳታ አለ። ለውጭ አገር ተማሪ ያለው ቦታ ጥቂት፣ ፉክክሩ ብርቱ ነው፤ ቢሆንም ያላመለከተ አያገኝም። ብርዱና ናፍቆቱም አለ፤ እሱ ግን ያልፋል።

የባሕር ዳር ርዕሳነ መምህራንንም አንድ ነገር ልለምን። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ሙከራውን ለሴት ተማሪዎች ብቻ ክፈቱላቸው። ሁሉም በየተራ ቢሬቱን ይያዙት። እኔ ያለ ክፍያ መጥቼ አግዛለሁ።

አባቴ፣ ልጅዎ ታመልክት። የገቢ ማስረጃ ይጠይቋታል፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ወይም ከቀበሌ ደብዳቤ ያውጡላትና ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ከእናቷ ጋር ይዘዋት ይምጡ፤ ቅጹን አብረን እንሞላለን።

ከአክብሮት ጋር
የውሃ ጥራት ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር