የሮስ ግንብ የማን ቤት ነበር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አየርላንድ የግንብ ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ኪላርኒ ከተማ አጠገብ፣ ሊን ሐይቅ ዳር ያለውን የሮስ ግንብ «እንግሊዞች ለወታደሮቻቸው የሠሩት» ብላችሁታል። ወታደር ሰፍሮበታል፣ እውነት ነው፤ ከጎኑ የጦር ሰፈር የተጨመረው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግንቡን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ያቆሙት የአካባቢው ባላባቶች፣ ኦዶናሁዎች ናቸው። ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ነበር።

በእንዲህ ያሉ ብዙ ግንቦች ውስጥ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ደስ ይላል። ግንበኞቹ ቅስቱን ሲሠሩ ከሥር በቀጫጭን እንጨት የተጎነጎነ ምንጣፍ ዘርግተው ድንጋዩንና ኖራውን በላዩ ይደርቡ ነበር። እንጨቱ ከተነሣ በኋላ የጉንጉኑ ቅርጽ፣ ልክ እርጥብ ጭቃ ላይ እንደተጫነ ሰፌድ፣ ኖራው ላይ ቀርቷል።

የሮስ ግንብ በጠላት እጅ የወደቀበትን ታሪክ መዝለላችሁም ቆጭቶኛል። ሐይቁ ላይ የጦር መርከብ ካልታየ ግንቡ አይደፈርም የሚል ትንቢት ነበር ይባላል። በ1652 እ.ኤ.አ. አየርላንድን የወረረው የእንግሊዙ መሪ የክሮምዌል ወገን የጦር አዛዥ ኤድመንድ ሉድሎ ጀልባዎች በላውን ወንዝ በኩል አስመጥቶ ሐይቁ ላይ አሰማራ። ግንቡን ይዞ የነበረው የአየርላንዶቹ አዛዥ ሎርድ መስኬሪም እጁን ሰጠ። (ትንቢቱ ከድሉ በኋላ የተነገረ ይሆን እንዴ ብዬ እጠረጥራለሁ።)

በሚቀጥለው እትም ማረሚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል።

አንድ አንባቢያችሁ