ከኦሲሎስኮፕ እርከን በታች ያለ ሲግናል ጠፍቷል አይባልም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናልን በስክሪን ላይ በሞገድ መልክ የሚያሳየው መሣሪያ) ከአንድ እርከኑ፣ ማለትም ቮልቴጅን ከፋፍሎ ከሚያነብባቸው ደረጃዎች ከአንዱ ስፋት፣ ያነሰን ሲግናል ጨርሶ ሊያገኝ አይችልም ሲባል ደጋግሜ ስለምሰማ፣ አባባሉ እንዲታረም በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

ባለ 8 ቢት መሣሪያ የቮልቴጅ ክልሉን በ256 እርከኖች ስለሚከፍል፣ ክልሉ 8 ቮልት ሲሆን የአንዱ እርከን ስፋት 31.25 ሚሊቮልት ነው፤ የ5 ሚሊቮልት ሳይን ሞገድም በስክሪኑ ላይ ለዓይን አይታይም። ይሁን እንጂ ከሞገዱ ጋር ቢያንስ የግማሽ እርከን ያህል የዘፈቀደ ኖይዝ (ያልተፈለገ የቮልቴጅ መዋዠቅ) ከተደረበ፣ ንባቡ በአጎራባች እርከኖች መካከል ስለሚዋዥቅ፣ የደካማው ሞገድ አሻራ ንባቡ ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው እርከን በሚያዘነብልበት መጠን ተመዝግቦ ይቀራል። ብዙዎቻችን እንደ ጠላት የምናየው ኖይዝ እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው።

የፉሪየር ትንተና፣ ማለትም ሲግናሉን በውስጡ ወዳሉት ድግግሞሾች የሚለያይ ስሌት፣ ሲደረግ ኖይዙ በብዙ የድግግሞሽ ክፍሎች ላይ ይበተናል፤ ሳይን ሞገዱ ግን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እንደ ቀጥ ያለ መስመር ጎልቶ ይወጣል። የናሙናው (መሣሪያው የሚሰበስባቸው ንባቦች) ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር በእያንዳንዱ ክፍል የሚታየው የኖይዝ ወለል በ3 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ይኸውም የኖይዙ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ኖይዝ ከሌለና ሞገዱ በአንድ እርከን ውስጥ ተወስኖ ከቀረ ግን ምንም ያህል ናሙና ቢሰበሰብ አይገኝም።

መሣሪያው ራሱ በትንተናው ውጤት ላይ ሲግናል የሚመስል የሐሰት መስመር ሊፈጥር ስለሚችል፣ ሲግናሉን አቋርጦ መስመሩ አብሮ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ